በየወሩ 500 ዶላር እየጨመርን ብንከፍልም የቤቱ ዕዳ ፈቀቅ አላለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረችንን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ ሸጠን ቦዊ ላይ ሰፋ ያለ ቤት ገዛን። ዋጋው 530,000 ዶላር ነው። 50,000 ዳውን ፔይመንት ከፍለን 480,000ውን በ6.5 በመቶ ቋሚ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደርን። ወርሃዊ ክፍያው ከታክሱ፣ ከኢንሹራንሱና ከፒኤምአዩ (ዳውን ፔይመንት ሲያንስ አበዳሪውን የሚጠብቀው ኢንሹራንስ) ጋር 3,900 ዶላር ነው። ላለፉት 14 ወራት በየወሩ 500 ዶላር ጨምረን ስንልክ ቆየን። ሰሞኑን ስቴትመንቱን ሳየው ዕዳው አሁንም 473,000 ገደማ ነው። የሚቀጥለው መክፈያ ቀን አንድ ወር ወደፊት ተገፍቷል፤ 3,100 ዶላር ደግሞ “ያልተመደበ” ተብሎ ተቀምጧል። አሁን የ30,000 ዶላር ዕቁብ ደርሶናል፤ እሱንም ዕዳው ላይ ለማዋል አስበናል። አንድ ወዳጃችን ግን “ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ባንኩ ይቀጣችኋል” አለን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጥያቄዎ እንደደረሰኝ 500ውን በምን መንገድ እንደምትልኩ ጠይቄዎት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እርስዎ በቼክ ልከዋል፤ ቼኩ ግርጌ ላይም “ለፕሪንሲፓል”፣ ማለትም ለዋናው ገንዘብ፣ ብለው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ባለቤትዎ “ምን አደከመሽ” ብለው ከራሳቸው ባንክ በየወሩ በራሱ እንዲሄድ አደረጉት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በራሱ የሚሄደው ገንዘብ የሒሳብ ቁጥር እንጂ መልእክት አልያዘም። ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ “የጎደለ ክፍያ” ይመስላል። ስለዚህ ለብቻው ይቀመጣል፤ ተጠራቅሞ 3,900 ሲሞላ እንደ አንድ ወር ክፍያ ይመዘገባል። የእናንተ 7,000 ዶላር የሄደው እንዲሁ ነው፤ 3,900ው የአንድ ወር ክፍያ ሆነ፣ 3,100ው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሕጉ ምን ይላል? መልሱ ያለው ቤቱን የገዛችሁ ቀን በፈረማችሁበት የብድር ሰነድ ውስጥ ነው። ያ ወፍራም ፎልደር ብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። አውርዱትና “ኖት” የሚለውን፣ ብድሩን ለመክፈል ቃል የገባችሁበትን ወረቀት አውጡ። አብዛኛው መደበኛ የቤት ብድር አንድ ዓይነት ቅጽ ስለሚጠቀም ክፍል 4ን እዩ። ተበዳሪው ዋናውን ገንዘብ ከጊዜው በፊት የመክፈል መብት አለው ይላል። ይህን ሲያደርግ ግን ለአበዳሪው በጽሑፍ ይናገራል። ያላለቀ ወርሃዊ ክፍያ ካለበትም ገንዘቡን “ለዋናው ነው” ማለት አይችልም። እናንተ ውዝፍ ስለሌለባችሁ ይህ አይነካችሁም። ቀጥሎ ለእናንተ የሚጠቅም ዓረፍተ ነገር አለ፤ አበዳሪው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ቀድሞ የተከፈለ ዋና ገንዘብ የመክፈያ ቀኑን አይለውጥም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ሦስቱ ቼኮች ላይ እናንተ በግልጽ ጽፋችኋል፤ እዚያ ላይ ክርክራችሁ ጠንካራ ነው። የቼኮቹን ግልባጭ ከባንካችሁ አውጡ። የቀሩት 11 ወራት ላይ ግን “አልነገራችሁኝም” ቢሉ አፍ የሚያዘጋ መልስ የለንም። ቢሆንም በጽሑፍ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ያስተካክላሉ።

ስልክ ደውሎ መነታረክ ዋጋ የለውም። ብድሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት “የስህተት ማስታወቂያ” የሚባለውን ደብዳቤ ላኩ። የተቀበለውን ክፍያ እንደ ውሉ ለዋናው ገንዘብ አለማዋል በፌዴራል ደንብ በግልጽ ከተዘረዘሩት ስህተቶች አንዱ ነው። ስማችሁ፣ የብድር ቁጥሩ፣ የእያንዳንዱ 500 ዶላር ቀንና ስህተቱ ምን እንደሆነ ይግባበት። ደብዳቤው ክፍያ በምትልኩበት አድራሻ አይሄድም። ስቴትመንቱ ላይ ለስህተትና ለጥያቄ ተብሎ የተጻፈ ሌላ አድራሻ ካለ እሱን ተጠቀሙ። በክፍያ ኩፖኑ ላይ የጻፋችሁትን እንደ ማስታወቂያ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። በሪኮማንዴ ላኩት። ደብዳቤው መድረሱን በ5 የሥራ ቀናት፣ መልሱን በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው፤ በጽሑፍ አሳውቀው 15 የሥራ ቀን መጨመር ይችላሉ። ለዚህ ክፍያ መጠየቅ አይችሉም። ወርሃዊውን ግን እንዳታቋርጡ።

የምትጠይቁት ገንዘቡ ከዛሬ ሳይሆን ከገባበት ቀን ጀምሮ ለዋናው እንዲታሰብ ነው። ልዩነቱ እስካሁን ወደ 250 ዶላር ወለድ ነው፤ ለአንድ ሳምንት አስቤዛ ይሆናል። በትክክል ቢታሰብ ኖሮ ዕዳችሁ ዛሬ 466,500 ገደማ በሆነ ነበር። ከዚህ በኋላ 500ውን የምትልኩት በአበዳሪው ድረ ገጽ ይሁን፤ ብዙዎቹ “ተጨማሪ ፕሪንሲፓል” የሚል የተለየ ሣጥን አላቸው። በመጀመሪያው ወር ከምትከፍሉት 3,034 ዶላር ዋናና ወለድ 2,600ው ወለድ ነበር፤ ዕዳውን የነካው 434 ብቻ ነው። 500ው በቦታው ከዋለ 30 ዓመቱ ወደ 20 ዓመት ተኩል ይወርዳል።

ወዳጃችሁ ስለ ቅጣት ያሉት የድሮ ወሬ ነው ማለት ይቻላል። ከጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሰጠ የቤት ብድር ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት የሚፈቀደው ለተወሰኑ ብድሮች፣ ያውም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ብቻ ነው። ጣሪያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 2 በመቶ፣ በሦስተኛው 1 በመቶ ነው። ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባለው፣ ቤቱን ስትገዙ የብድሩን ዝርዝር ይዞ የተሰጣችሁ ወረቀት የመጀመሪያ ገጹ ላይ “አለ” ወይም “የለም” ብሎ ይነግራችኋል። እሱን ሳታዩ ዕቁቡን አታንቀሳቅሱ።

ፒኤምአይን አልጠየቃችሁም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሕጉ ይህን ኢንሹራንስ የሚያስቀርባቸው ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። ዕዳው ከመጀመሪያው የቤት ዋጋ 78 በመቶ ላይ ይደርሳል በተባለበት ቀን በራሱ ይቆማል፤ ቀኑ የሚታየው ግን በመጀመሪያው የክፍያ ሠንጠረዥ ነው። ጨምራችሁ መክፈላችሁ አያፈጥነውም። በእናንተ ብድር ይህ ከ9 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው መንገድ 80 በመቶ ላይ ስትደርሱ በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ እዚህ ላይ ተጨማሪ ክፍያችሁ ይቆጠራል። የእናንተ 80 በመቶ 424,000 ዶላር ነው። 500ዎቹ ተስተካክለው፣ ዕቁቡ ገብቶ፣ 500ውን ከቀጠላችሁ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ትደርሱበታላችሁ። ክፍያ ያላዘገያችሁ መሆናችሁን ያያሉ፤ የቤቱ ዋጋ አለመውረዱንና በቤቱ ላይ ሌላ ብድር አለመኖሩን እንድታሳዩም ሊጠይቁ ይችላሉ። ኤፍኤችኤ (በፌዴራል መንግሥት ዋስትና የሚሰጥ) ብድር ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች፣ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት።

ዕቁቡን ዛሬውኑ ትልኩታላችሁ? እኔ ብሆን አልልከውም። ሒሳቡ እንዲህ እንደተዘበራረቀ 30,000 ቢገባበት የሰባት ወር ክፍያ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ለአንድ ወር ማቆየት 160 ዶላር ገደማ ወለድ ያስወጣችኋል፤ ይሁን። ስቴትመንቱ ላይ 466 ሺህ ቤት ውስጥ የሆነ ቁጥር ስታዩ፣ ያን ጊዜ ለብቻው፣ “ለዋናው ብቻ” ከሚል ደብዳቤ ጋር ላኩት።