ብርጭቆ ላይ የሆረስን (የጥንት ግብፆች አምላክ) ዓይን ስቀርጽ ለምን ይሰበራል? ላልሽው

እህቴ፣ የግብፅ ምስሎች ስትቀርጪ አንዱ ብርጭቆ እንደ ጠጠር ተበተነ፣ በሌላው ላይ ደግሞ መስመሩ ተንሸራተተ ብለሻል። የተበተነው ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የተጠነከረ ብርጭቆ ነው። ውስጡ በውጥረት የተያዘ ስለሆነ የሚሽከረከረው መቅረጫ መሣሪያሽ ጫፍ የላዩን ንጣፍ ካለፈ በአንዴ ይፈነዳል፤ ጥንቃቄ አያድነውም። ለመለየት ብርጭቆውን ነጭ ኮምፒውተር ስክሪን ፊት አድርገሽ በፖላራይዝድ (ነጸብራቅ በሚቀንስ) የፀሐይ መነጽር እዪው፤ ደማቅ የቀለም ጥላ ካሳየ ተዪው። ለልምምድ ግድግዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ያዢ።

የሚንሸራተተው በጫፉ አናት ስለምትሠሪ ነው። የድቡልቡሉ የአልማዝ ጫፍ አናት ባለበት ስለሚሽከረከር አይቆርጥም፣ የሚቆርጠው ጎኑ ነው። መሣሪያውን እንደ እስክሪብቶ አጋድመሽ ያዢው። 1 ሚሊ ሜትር ጫፍ፣ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 15,000 ዙር ይበቃል። መጀመሪያ ጫር ብቻ አድርጊው፤ መስመሩ ቦታ ሲይዝ ሦስት አራት ጊዜ እየደጋገምሽ አጥልቂው። ከተጫንሽው ይግላል፣ የመስመሩም ጠርዝ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላጣል።

የምትቀርጪበትን ቦታ በስፖንጅ እያረጠብሽ ሥሪ፤ ውሃው ሙቀቱንም ብናኙንም ይይዛል። የመስታወት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ኤን95 ማስክና መነጽር የግድ ነው። ውሃ ስላለ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ይሻላል።

ንድፉን በወረቀት ከውስጥ በኩል በስኮች ለጥፊው። ወፍራም ብርጭቆ መስመሩን ፈቀቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ሆነሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ተከተዪው።

አሁን ወደ ውበቱ። ግብፆች እንደ ካርናክ ባሉ ቤተ መቅደሶች የውጭ ግድግዳ ላይ ምስሉን ከድንጋዩ ፊት ዝቅ አድርገው ይቀርጹ ነበር፤ ፀሐይ የጠለቀው ጠርዝ ላይ ጥላ ስትጥል ምስሉ ጎልቶ ይወጣል። ብርጭቆም እንደዚያው ይወዳል። የዓይኑን ዙሪያ በውጭ በኩል ቀጥ አድርገሽ አጥልቂው፣ ወደ ውስጥ ግን አለስልሰሽ አሳሺው። ጥልቀቱ ከብርጭቆው ግድግዳ ውፍረት ሲሶ አይለፍ። ብሌኑን አትንኪው፤ ዙሪያው ደብዝዞ እሱ ብቻ ጥርት ሲል ነው ዓይኑ የሚያየው።

ምስሉ ከብርጭቆው ማዶ ሲታይ እንደሚገለበጥም አስቢ። የሆረስ ቀኝ ዓይን ከፀሐይ፣ ግራው ከጨረቃ ጋር ስለሚያያዝ የትኛው ፊት ለፊት እንደሚታይ አስቀድመሽ ወስኚ። ሂሮግሊፍ (የጥንት ግብፆች የሥዕል ጽሕፈት) ግን በሙሉ ቢገለበጥ ችግር የለውም፤ ከግራም ከቀኝም ይጻፋል፣ ሰውና እንስሳቱም ፊታቸውን ወደ ንባቡ መጀመሪያ ያዞራሉ። ለማሳመር ብለሽ አንዷን ወፍ ብቻ ካዞርሽ ነው የሚበላሸው።