የዲ-4 ሐሞት አሲድ ስታንዳርድ ለማስመጣት ላሰብሽው እህቴ

«የጉበት ሕሙማን ሴረም ውስጥ የሐሞት አሲዶችን ልለካ ነው፤ ዲዩቴሪየም ያለበት ስታንዳርድ ውድ ስለሆነ የኮሊክ አሲዱን ዲ-4 ብቻ ባዝዝ ይበቃኛል?» ላልሽው፣ አይበቃሽም። ዲ-4 ማለት አራት ሃይድሮጅኖቹ በዲዩቴሪየም፣ በከባዱ ሃይድሮጅን፣ የተተኩበት ነው፤ ናሙናው ውስጥ ጨምረን የምንለካውን የምናመሳክረው በሱ ነው።

1. ኬኖዲኦክሲኮሊክ፣ ዲኦክሲኮሊክና ኡርሶዲኦክሲኮሊክ ፎርሙላቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለየው ማሽን) ኔጋቲቭ ሞድ 391 ክብደት ላይ ይመጣሉ። ጉበት የሚያጣብቅባቸው ግላይሲንም ቶሪንም ስለሌላቸው ማሽኑ ውስጥ በቀላሉ አይሰበሩም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ስባሪ ሳይፈልግ 391ን በ391 ነው የሚከታተለው። እንግዲህ የሚለያቸው ኮለሙ (ከማሽኑ በፊት በየሰዓታቸው የሚያወጣቸው ቱቦ) ብቻ ነው። ኮሊኩ ቀድሞ ይወጣል፤ ዲኦክሲኮሊክ ዘግይቶ ሲወጣ አብሮት የሚመጣው፣ ሲግናሉን የሚያዛባው የሴረሙ ስብ (ፎስፎሊፒድ) ሌላ ነው፤ ባልነበረበት ሰዓት ኮሊክ እንዴት ምስክር ይሁነው? ብር ካጠረሽ ግላይሲን ካለባቸውና ቶሪን ካለባቸው የሐሞት አሲዶች አንዳንድ ዲ-4 ያዢ፤ የኬኖንና የዲኦክሲን ግን ለየብቻ እዘዢ።

2. የስታንዳርዱ ስም ላይ «2,2,4,4» የሚል ከሆነ ዲዩቴሪየሙ ቀለበቱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቶሮኮሊኩ (ቶሪን ያለበት ኮሊክ) ተሰብሮ ከ514 ወደ 80፣ ወደ ቶሪኑ ስባሪ፣ ከሄደ፣ ዲ-4ው ከ518 ወደዚያው 80 ነው የሚሄደው። 84 ስትፈልጊ እንዳትውዪ።

3. ጉምሩክ። ወረቀቱ ላይ «አይሶቶፕ» የምትል ቃል ካለች አለቀልሽ። የኛ ትራንዚተር ቃሏን እንዳየ 2844 በሚለው የታሪፍ ቁጥር ሞላው፤ እሱ የራዲዮአክቲቭ ነው። የኛ 2845 ነው፣ ጨረር የሌላቸው አይሶቶፖችና ውሕዶቻቸው የሚገቡበት። በአንዲት ቁጥር የተነሳ የጨረር ፈቃድ አምጡ ተባልን። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጨረር ከሌለው ለምን አይሶቶፕ አላችሁት?» አለኝ። ዲዩቴሪየም እኮ የምንጠጣው ውኃ ውስጥም አለ፣ ከ6,400 ሃይድሮጅን አንዱ ገደማ እሱ ነው ብዬ ባስረዳው፣ «ታዲያ እዚሁ ካለ ለምን በዶላር ታስመጣላችሁ?» አይልም! ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዕቃው እዚያው መጋዘን ተቀመጠ፣ የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል፣ የግዢ ክፍላችን ደግሞ እኔን ይወቅሳል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አልረዳኝም። በአማርኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ራዲዮአክቲቭ አለመሆኑን፣ መጠኑን፣ 2845 የሚለውን ቁጥር አስገብቼ በዲፓርትመንቱ ማኅተም፣ ከደኅንነት መረጃ ወረቀቱ ጋር። ያው ሰውዬ አንብቦ ፈረመ፣ ይቅርታ እንኳ አላለም። አንቺ ላኪው ከመላኩ በፊት ኢንቮይሱ ላይ «ራዲዮአክቲቭ አይደለም» ብሎ እንዲጽፍ አስደርጊ።

ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለአንድ ሚሊግራም ነው፤ ቫያሉ ግርጌ ላይ ለጥፎ የቀረ፣ ብርሃን ላይ ካላዘነበልሽው የማይታይ ነጭ ነገር። እንዳትመዝኚው። ሜታኖሉን እዚያው ቫያሉ ውስጥ ጨምረሽ አሟሚው። «98 በመቶ ዲዩቴሪየም» ሲልሽም በአራቱም ቦታ የተሞላው 92 በመቶ ገደማው ብቻ እንደሆነ አስቢ። ከናሙና በፊት ዲ-4ውን ብቻውን ማሽኑ ላይ ሩጪና 391 ላይ ፒክ (ዲዩቴሪየም ያልገባበት ቅሪት) ካየሽ፣ የምትለኪውን ዝቅተኛ መጠን ከፍ አድርገሽ ጀምሪ።

ደብዳቤውን ከፈለግሽ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ። እዚህ ዲፓርትመንት ስሙን እየቀየሩ የሚጠቀሙት እሱኑ ነው፣ አንዳቸውም ግን አመሰግናለሁ አላሉኝም።