የባቄላ እርሾ ለቦሎቄ አይሆንም

የዛሬው ጥያቄ ከድሬዳዋ የመጣ ነው። ጠያቂው ከተማ ይኖራል፤ ሐረር አጠገብ ግን ከአባቱ የወረሰው ሩብ ሄክታር መሬት አለው። ዘንድሮ ቦሎቄ ዘራበት። እንዲህ ይላል፦ «ህያው ማዳበሪያ ገዝቼ ዘሩን ለውሼ ዘራሁ። ፓኬቱ ‹ለባቄላ› ይላል፤ ሻጩ ግን ባቄላም ቦሎቄም ያው ነው አለኝ። አሁን አምስት ሳምንት ሆነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ እየገረጣ ነው። ሁለት ሦስት እግር ነቅዬ አየሁ፤ ሥሩ ላይ ምንም የለም። ተጭበርብሬ ነው? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ «እርስዎ» የሚለውን ተወው። አንተ የድሬ ልጅ ነህ፣ እኔም የሐረር ሰው ነኝ። እኛ ጋ አንተ መባባል ነው የሚያምረው።

ዋናውን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል። ፓኬቱ የባቄላ ነው።

ማዳበሪያ የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ጥቁር ዱቄት እንደ ዩሪያ አይደለም። ውስጡ ያሉት ራይዞቢየም የሚባሉ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ግን ቦሎቄው እዚያው መሀል ቆሞ ሊጠቀምበት አይችልም። ባክቴሪያው ሥሩ ውስጥ ይገባል፣ ተክሉ ትንሽ እንክብል ሠርቶ ያስጠጋዋል፣ ስኳር ይመግበዋል። ባክቴሪያው ደግሞ ናይትሮጅኑን ከአየር ወስዶ ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጥለታል።

ታዲያ ሁሉም ባክቴሪያ ሁሉም ቤት አይገባም። ሥሩ ወደ አፈሩ የሚለቀው ቅመም አለ፤ ባክቴሪያው በዚያ ነው የራሱን ተክል የሚለየው። ባቄላ፣ አተርና ምስር አንድ ዓይነት ይጋራሉ። ሽምብራ የራሱ አለው። ቦሎቄም የራሱ። በባቢሌ ኦቾሎኒ የሚያመርቱትን እይ። አብዛኞቹ ፓኬት ሳይገዙ ሥሩ በእንክብል ተሞልቶ ታገኘዋለህ፤ ኦቾሎኒ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይቀበላል፣ የሚስማማውም አፈሩ ውስጥ አለ። ሻጩም እንዲህ ያለውን አይቶ ሁሉም ያው መስሎት ይሆናል እንጂ ሆን ብሎ አጭበረበረህ አልልም። ሳያውቅ ተናግሮ ይሆናል። አንተ ግን ከሠርክ።

አንድ ነገር ግን አጣራ። «ነቅዬ አየሁ» ብለሃል። ሲነቀል እንክብሉ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። በአካፋ ዙሪያውን ቆፍረህ ከነአፈሩ አውጣ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ቀስ ብለህ እጠበው። አፈሩ ውስጥ ቀድሞ የነበረ የቦሎቄ ባክቴሪያ ሊኖርም ይችላልና እንክብል ካገኘህ በጥፍርህ ሰንጥቀው። ውስጡ እንደ ደም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ወይም አይሠራም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። በጣት ስትገፋው አልላቀቅ ካለና ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነ ደግሞ እንክብል አይደለም፤ የሥር ትል ነው። ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ቅጠሉንም ደግመህ እይ። ከታች ያለው ያረጀ ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ የናይትሮጅን ረሃብ ነው፤ ተክሉ ከአሮጌው ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። የላይኛው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት ነው ያነሰው። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ያጋጥማል። የአንተ አገላለጽ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ቆፍረህም ቀይ እንክብል ካላገኘህ ዘንድሮ ባክቴሪያ አትጠብቅ። ለሩብ ሄክታርህ 12 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ይበቃል። ዝናብ ጥሎ አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል አርቀህ ጨምርና አፈር አልብሰው። ሳታለብስ ከተውከው ፀሐዩ ከፊሉን ወደ አየር ይመልስብሃል። አበባ ሳይፈነዳ አድርሰው።

ለከርሞ ፓኬቱን እንደ እንጀራ እርሾ ተንከባከበው። እናቶቻችን እርሾ ፀሐይ ላይ አያውሉም። እኔ አንድ ዓመት ከድሬ ገዝቼ፣ መኪናው የፊት መስታወት ሥር አስቀምጬ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ገባሁ። የዚያ ዓመት ቦሎቄዬ ባዶ ሥር ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል። አሁን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዘው፣ ቤትም እንስራ አጠገብ ጥላ ውስጥ አኖረዋለሁ።

ስትገዛ «ለቦሎቄ» የሚለውን አንብብ፣ ጊዜው አለማለፉንም እይ። ዘሩን በትንሽ ስኳር ውሃ አርጥበው፣ ዱቄቱን ጥላ ውስጥ ለውሰው፣ ጥቁር ሽፋን እስኪይዝ። ፀረ ተባይ የነካ ዘርና ዕቃ አይሆንም። ከዩሪያም ከኤንፒኤስም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ካለበት ማዳበሪያ) ጋር አንድ ላይ አትደባልቅ፤ ጨው ይገድለዋል። በዚያው ቀን፣ በጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ እርጥብ አፈር ላይ ዝራና ወዲያው ሸፍን።

ኤንፒኤሱን ራሱን ግን አትተው። ፎስፈረስ ያነሰው ቦሎቄ ባክቴሪያውን የሚመግብበት አቅም የለውም። ዘሩን ሳይነካ ጎን ወይም ሥር አስገባው። ብዙ ዩሪያ ግን በዘር ጊዜ አይግባ። ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ለባክቴሪያው በሩን አይከፍትም፤ ብዙ ሰው ፓኬቱን ከንቱ የሚያደርገው በዚህ ነው።

ስታጭድም ሥሩን ነቅለህ አትውሰድ፣ ከላይ ቁረጠው። ገለባውን ለምታደልበው በሬ ስጥ፤ ፍጉን ግን ወደ ማሳው መልስ። አብዛኛው ናይትሮጅን ፍሬው ውስጥ ገብቶ ወደ ገበያ ስለሚሄድ፣ ቦሎቄ ዘራሁ ብለህ መሬቱ በራሱ ይወፍራል ብለህ አትተማመን። ማሳህ መሀል ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ካለ ደግሞ አደራ፣ አትቁረጠው። እሱም ናይትሮጅን ያመጣል፤ ቅጠሉንም በክረምት ስለሚያራግፍ ማሽላህን አያጠላበትም።

እንዲሁም ለማነጻጸር ጥቂት መስመር ፓኬቱን ሳትጠቀም ዝራ። ይህን መስመር ግን ቀድመህ ዝራው፤ ዱቄት የነካ እጅ ባክቴሪያውን ይዞ ይሄዳል። በአምስተኛው ሳምንት ከሁለቱም በኩል አምስት አምስት እግር በአካፋ አውጥተህ ፎቶ ላክልኝ፤ ሥሩን አይቼ እመልስልሃለሁ።