የስኳር ድንችና ቦሎቄ ፒንዊል ለምን ከስሩ ሊጥ ይሆናል፣ ለምንስ ይፈታል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሼፍ፣ ለእንግዶች ከዋናው ምግብ በፊት ሚቀርብ ስጋ የሌለበት ፒንዊል (ሊጥ ላይ ተቀብቶ ተጠቅልሎ በክብ በክብ ሚቆረጥ) ልሰራ ብዬ ስኳር ድንች ቀቅዬ በብሌንደር ፈጨሁት፣ የቆርቆሮ ቦሎቄ ጨመርኩበትና የተገዛ ፓፍ ፔስትሪ (ቅቤ በስሱ የተደራረበበት ሊጥ) ላይ ቀብቼ ጠቀለልኩት። ስቆርጠው ተጨፈለቀ፣ ኦቨን ውስጥ ገሚሱ ተፈታ፣ ከላይ ቀልቶ ከስሩ ግን ሊጥ ነው። ኦቨኔ ይሆን እንዴ? ደሞስ ከአንድ ቀን በፊት ሰርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ? ፓፍ ካጣሁስ በቶርቲላ (በስሱ ቂጣ) ይሆናል?»

እህቴ ኦቨንሽን ተይው፣ ከላይ ካቀላልሽ ስራውን እየሰራ ነው። ሶስቱም ችግር የመጣው ከውሃ ነው። እርጥብ ነገር ውሃው ተንኖ እስኪያልቅለት ድረስ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ሊጥ ደሞ ቡኒ እንዲሆንና ኩርሽም እንዲል ከዛ በደንብ ማለፍ አለበት፣ ወደ 140 ዲግሪና ከዛ በላይ። ስለዚ እርጥብ ድብልቅ የነካው የሊጥ ክፍል ላዩ እስኪያር ብትጠብቂ እንኳን እንደተቀቀለ ነገር ለስልሶ ይቀራል። ስትቆርጪ የተጨፈለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ድብልቁ ቀጭን ስለሆነ ቢላው ሲጫነው መሄጃ ፈልጎ በጎን ይወጣል። የተፈታውም ጫፉ ረጥቦ ስላልተጣበቀ ነው፣ እሱ ላይ ግን ሌላም ምክንያት አለ እመጣበታለሁ።

ከስኳር ድንቹ እንጀምር። ጥሬው ራሱ ከክብደቱ ሶስት አራተኛ ገደማ ውሃ ነው፣ ልጠሽ ቆራርጠሽ ስትቀቅይው ደሞ ሌላ ውሃ ይጠጣል፣ ከዛ ብሌንደር ውስጥ ሲዞር በቃ ሾርባ ሆነ ማለት ነው፣ ሾርባ ደሞ አይጠቀለልም። መቀቀሉን ተይና ከነልጣጩ በሹካ ወጋ ወጋ አርገሽ 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰአት አብስይው፣ እንደ ውፍረቱ ነው፣ ቢላ ሲገባበት ምንም ካልታገለና ከቀዳዳዎቹ ሚያጣብቅ ጭማቂ መውጣት ከጀመረ ደርሷል። ወዲያው ለሁለት ሰንጥቀሽ ክፍቱን ተይው፣ ያ ሚወጣው እንፋሎት በሙሉ ሊጥሽ ውስጥ ሊገባ የነበረ ውሃ ነው። ከዛ በሹካ ጨፍልቂው፣ በብሌንደር አይሆንም።

ኦቨን ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበስል ጣእሙም ይሻላል፣ ይሄ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ስኳር ድንች ውስጥ ስታርቹን ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ሚቀይር ኢንዛይም አለ፣ ቤታ አሚሌዝ ይባላል፣ ከ57 እስከ 75 ዲግሪ አካባቢ ነው በደንብ ሚሰራው፣ ስለዚ ድንቹ እዛ ሙቀት ላይ በቆየ ቁጥር እየጣፈጠ ይሄዳል። ማይክሮዌቭ ያንን ሙቀት በፍጥነት ያልፈዋል፣ ለዛ ነው በማይክሮዌቭ የበሰለ ስኳር ድንች ጣእሙ ጎደል ሚለው። አይነቱም ለውጥ አለው፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው በብዛት እርጥብና ለስላሳ ነው፣ ውስጡ ነጭ የሆነው ደረቅና ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ለጥቅል ስራ ነጩ ይቀላል፣ በቀለም ግን ብርቱካናማው ተቆርጦ ሲታይ ያምራል ስለዚ እኔ ብርቱካናማውን ነው ምመርጠው፣ ትንሽ ስራ ቢጨምርም። ስራው ምንድነው፣ የተጨፈለቀውን ሰፋ ባለ መጥበሻ ያለ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልሽ ማድረቅ ነው። ማማሰያውን ስትጎትቺ የመጥበሻው መሬት ታይቶ ቶሎ ካልተሸፈነ በቂ ነው። የቀቀልሽው ካለሽም አትጣይው፣ በዚሁ መንገድ ይድናል፣ ረዘም ያለ ሰአት ይወስዳል እንጂ።

ቦሎቄው የቆርቆሮ ከሆነ ያንን ወፍራም ውሃውን አፍሺና በማጥለያ አጥበሽ በደንብ ይንጠፍጠፍ፣ ከዛ ንጹህ ጨርቅ ወይ የወጥ ቤት ሶፍት ላይ በትነሽ አድርቂው። ይቺን ነገር ሁሉም ሰው ይዘላታል፣ የታጠበ ቦሎቄ ላዩ ላይ ይዞት ሚሄደው ውሃ ግን ቀላል እንዳይመስልሽ። ግማሹን በሹካ ጨፍልቂው ግማሹን ሙሉውን ተይው። የተጨፈለቀው ስታርች ስላለው ድብልቁን ያያይዘዋል፣ ሁሉም ሙሉ ከሆነ ግን ስትጠቀልይ ሊጡን ይቀደዋል፣ ስትቆርጪም ቢላው ፍሬውን እየጎተተ ክቡን ያበላሸዋል።

ደረቅ ቦሎቄ ከሆነ ምትጠቀሚው፣ በተለይ ቀዩ ትልቁ ቦሎቄ ከሆነ፣ እዚ ጋ ቆም በይ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ነገር አለ፣ ያልበሰለ አራት አምስት ፍሬ እንኳን ሀይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ቢያንስ 5 ሰአት ዘፍዝፊው (ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል)፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፊው፣ በአዲስ ውሃ በሚንተከተክ እሳት 30 ደቂቃ ቀቅይው፣ ከዛ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ እስኪለሰልስ ይብሰል። በስሎው ኩከር (በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት) ብቻ አይሆንም፣ ሙቀቱ እዛ ላይደርስ ይችላል። ኦቨን ገብቶ ይበስል የለ እንዴ እንዳትይኝ ደሞ፣ ጥቅሉ መሀል ያለው ድብልቅ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይሞቃል እንጂ ጥሬ ቦሎቄ አያበስልም።

ለአንድ የፓፍ ሉህ፣ 25 በ35 ሴንቲ ሚሆነው ማለት ነው፣ የደረቀ የተጨፈለቀ ስኳር ድንች 180 ግራም ቦሎቄ 90 ግራም በቂ ነው። ትንሽ ይመስላል አውቃለሁ፣ ግን ከዛ በላይ ከሆነ ነው ሚፈሰው። ቅመሙ ላይ እንዳሻሽ፣ ስኳር ድንች ጣፋጭ ስለሆነ ግን ተቃራኒ ነገር ይፈልጋል፣ ከሙን፣ ስሞክድ ፓፕሪካ (ጭስ ጭስ ሚል የበርበሬ ዱቄት)፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ልጣጭ ተፈግፍጎ (ጭማቂውን አይደለም፣ ውሃ እየሸሸን ነው)፣ ትንሽ ቃሪያ። ቀይ ሽንኩርት ከገባበት ቀድሞ ተቁላልቶ ውሃውን ይጨርስ። ጨው ከጥሬ አትክልት ውሃ ስለሚያወጣ ሚጨመረው መጨረሻ ላይ ልትቀቢ ስትይ ነው። አይብ ምታረጊበት ከሆነ ደረቅና ጠንካራ አይብ ይሁን፣ ትኩስ ሞዛሬላ ውሃ አለው። እንግዶችሽ ውስጥ ጥብቅ ቬጂቴሪያን ካለ ደሞ እወቂ፣ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው የጣልያን አይብ ሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር ነው ስለዚ ለነሱ አይሆንም፣ ማሸጊያው ላይ ለቬጂቴሪያን ይሆናል የሚል ፈልጊ።

አሁን ድብልቁ ፍሪጅ ይግባ። ለብ ያለም አልልሽም፣ ቀዝቃዛ ነው ያልኩት። ፓፍ ሚነፋው በስሱ በተደራረበው ሊጥና ቅቤ ነው፣ ኦቨን ውስጥ የሊጡም የቅቤውም ውሃ እንፋሎት ሆኖ (ቅቤ ራሱ ወደ 16 ፐርሰንት ውሃ አለው) እያንዳንዱን ንብርብር ወደላይ ያነሳዋል። ቅቤ ግን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፣ ከዛም በፊት ይለሰልሳል፣ ለብ ያለ ድብልቅ ስትቀቢበት ኦቨን ሳይገባ ቅቤው ሊጡ ውስጥ ይሰርግና ንብርብሩ ይጠፋል፣ ምታገኚው ቅባታም ድፍን ሊጥ ነው።

ሉሁን ረጅሙ ጎን ወዳንቺ አርገሽ ዘርጊው። ድብልቁን 3 ሚሊሜትር አካባቢ ቀቢው፣ ካንቺ ራቅ ያለው ረጅም ጠርዝ ላይ ግን 2 ሴንቲ ምንም ሳይነካው ይቅር። ያንን ባዶ ጠርዝ በጣትሽ ትንሽ ውሃ አስነኪው ወይ በተመታ እንቁላል ቀቢው፣ ዱቄት ካለበት መጀመሪያ ጥረጊው፣ ዱቄት ያለበት ሊጥ አይጣበቅም። ቅድም ሌላ ምክንያት አለ ያልኩሽ ደሞ ይሄ ነው፣ በመዳመጫ የተለጠጠ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ወደነበረበት መመለስ ይፈልጋል፣ ስለዚ ሉሁን አስፍተሽ ዳምጠሽው ከሆነ ሳትቀቢው በፊት 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ስትጠቀልይ በጣም አታጥብቂው። ብዙ ሰው እንዳይፈታ ብሎ አጥብቆ ይጠቀልላል፣ ሊጡ ሲነፋ ቦታ ያጣና መሀሉ ወደላይ ተገፍቶ ሾጥጦ ይወጣል። ክፍተት ሳይኖረው ዝም ብሎ እየተንከባለለ ይሂድ፣ መጨረሻ ላይ መጋጠሚያው ወደታች ሆኖ ይቀመጥ።

ከዛ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። እንዲጠነክር ነው እንጂ እንዲደርቅ አይደለም፣ ስትጫኚው ጠንካራ ሆኖ ቢላ ግን ሚያስገባ መሆን አለበት። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ያዢና ሳትጫኚ ወደፊት ወደኋላ እያረግሽ 1.5 ሴንቲ ውፍረት ቁረጪ፣ በየመሀሉ ቢላውን ጥረጊ። የጥርስ ማጽጃ ክርም ይሆናል (ሚንት የሌለው ይሁን አደራ)፣ ከስሩ አሾልከሽ ከላይ አጣልፈሽ ስትስቢው ክቡን ሳይነካ ይቆርጣል። ከ35 ሴንቲው ሃያ ምናምን ፍሬ ይወጣልሻል፣ ሁለቱ ጫፎች ስለማያምሩ ያንቺ ናቸው።

ኦቨኑ 200 ዲግሪ ላይ በደንብ ይጋል፣ ፋን ያለው ከሆነ 180። ትሪው ላይ የኦቨን ወረቀት አንጥፊ፣ የሲሊኮን ምንጣፍ ይቅር ምክንያቱም ሙቀቱን ከስር ያዘገየዋል፣ አንቺ ደሞ ችግርሽ ከስር ነው። የተቆረጠው ፊት ወደላይ ሆኖ፣ ጭራዋ ከስር ገባ ተደርጋ፣ በየመሀላቸው 3 ሴንቲ ይቅር፣ ከተጠጋጉ እርስ በርስ በእንፋሎት ይቀቃቀላሉ። ከመሀል ዝቅ ባለው መደርደሪያ ላይ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ፣ አንድ ትሪ ብቻ ባንዴ። ላዩን አይተሽ አታውጪ፣ አንዱን በቢላ ጫፍ አንስተሽ ስሩን እይው፣ ገረጣ ካለ ላዩ ምንም ቢቀላ አልደረሰም፣ ትሪውን ወደታች አውርደሽ 3 ወይ 4 ደቂቃ ጨምሪለት። ሲወጣ ትኩስ ትሪ ላይ አትተይው፣ እንፋሎቱ ከስር ታፍኖ ደክመሽ ያደረቅሽውን መልሶ ያረጥበዋል፣ የሽቦ መደርደሪያ ላይ አውጪው።

ከአንድ ቀን በፊት ላልሽው፣ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደሩን አልመክርሽም፣ ድብልቁ የቱንም ያህል ቢደርቅ ሌሊቱን ሙሉ ሊጡን ያረጥበዋል። ይልቅ ቆርጠሽ ሳይበስል ትሪ ላይ በረድፍ አርገሽ አቀዝቅዢው፣ ድንጋይ ሲሆን ከረጢት ውስጥ ክተቺው፣ እንደዛ ሆኖ እስከ ሁለት ወር ይቆይልሻል። ሳታቀልጪ ቀጥታ ኦቨን ይግባ፣ 5 ደቂቃ ገደማ መጨመር ነው። እንደውም ቆንጆ ቅርጽ ሚይዘው ከፍሪዘር ሲገባ ነው፣ ሊጡ ጠርዙን ሲይዝ ቅቤው ገና ቀዝቃዛ ነው። በስሎ የተረፈ ካለ 180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 5 ወይ 6 ደቂቃ አሙቂው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ጎማ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰአት በላይ አታቆዪው፣ የበሰለ ቦሎቄ ቶሎ ይበላሻል።

ቶርቲላውስ፣ ይሆናል ግን ሌላ ነገር ነው። ቶርቲላ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ አይነፋም፣ ኦቨኑ ማድረቅና ማቅላት ብቻ ነው ሚሰራው፣ ስለዚ 200 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዛ ካለፈ እየደረቀ ይሰነጠቃል። የስንዴውን ተጠቀሚ፣ የበቆሎው ሲጠቀለል ይሰበራል። ከመቀባትሽ በፊት ደረቅ መጥበሻ ላይ በየፊቱ ጥቂት ሰከንድ አሙቂው ይታጠፍልሻል፣ ከዛ ለብታው ይውጣለት። እዚ ላይ ባዶ ጠርዝ አትተይ፣ ውሃ አያጣብቀውም፣ ሚያጣብቀው ራሱ ድብልቁ ነው ስለዚ እስከ ጫፍ ድረስ ስስ አርገሽ ቀቢው፣ ላዩን ዘይት አስነክተሽ እያንዳንዱን በስቴኪኒ ወግተሽ አስገቢ። ስቴኪኒውን ውሃ ውስጥ ነክረሽ ካቆየሽው ጫፉ አያርም፣ ስታቀርቢም እዛው ላይ ይቆይ፣ መያዣ ይሆናል።