ኮምፒውተሩን ከመቀየራችሁ በፊት

ይድረስ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ባቲ ላይ ቪዲዮ ኤዲት እያደረጋችሁ ለምትኖሩ ልጆቼ።

ባለፈው ጥር አንድ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ፒያሳ ያለው ሱቄ መጣ። የሰርግ ሥራ ይዟል። ሐይቅ ላይ በሁለት ካሜራ የተቀረጸ፣ 4ኬ። «ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር አበቃለት። ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው፤ የጎደለውን ተበድሬ አዲስ ልገዛ ነው» አለኝ።

«እስቲ አጫውተው» አልኩት። ተጫነው። እልልታው ይሰማል፤ ሙሽራዋ ግን እጇን እንዳነሳች ደርቃ ቀረች። ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ዘላ ሌላ ቦታ ተገኘች።

የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትን። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ነው። ዲስኩ 10 በመቶ እንኳ አልደረሰም። ራሙ ግማሹ ባዶ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ምንም እየሠራ አይደለም። ልጁ ሊገዛ ያሰበው ደግሞ በግራፊክስ ካርዱ የተወደደ ላፕቶፕ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

እኔ ሥራውን ስጀምር የነበረው ሚኒ ዲቪ ካሴት ነው። የ60 ደቂቃው ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ኮምፒውተሬ 512 ሜጋባይት ራም ነበረው። ዛሬ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ከዚያ ብዙ እጥፍ አለው። ግን ያ ደካማ ኮምፒውተር ካሴቱን ሳይንተባተብ ያጫውት ነበር። ምስሉ ትንሽ ስለነበረ ብቻ አይደለም። በዲቪ እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን ችሎ ነው የሚቀመጠው። የትም ቦታ ብትጫኑ ያ ፍሬም ሙሉውን እዚያው አለ።

የዛሬ ካሜራና ስልክ ቪዲዮ የሚያሽጉባቸው ፎርማቶች፣ ኤች 264 እና ኤች 265፣ ግን እንደዚያ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ፍሬም ያስቀምጡና ለሚቀጥሉት የተለወጠውን ብቻ ይጽፋሉ። ፋይሉ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ለማየት ግሩም ነው፤ ሰው የሚያየው ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ነውና። ለመቁረጥ ግን መከራ ነው። ቡና ላይ በበረካ የደረሰን ሰው አስቡት። ጨዋታው እንዲገባው ከአቦል ጀምሮ የተባለው ሁሉ ሊነገረው ነው። ታይምላይኑ መሃል በጫናችሁ ቁጥር ኮምፒውተራችሁ እንደዚያ ሰው ይሆናል። ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ፍሬም ይፈልጋል፤ ከዚያ እየደመረ እናንተ ያላችሁበት ይደርሳል። ሁለት ካሜራ ከሆነ ሥራው እጥፍ ነው። 4ኬ ሲሆን ደግሞ ፒክስሉ የፉል ኤችዲ 4 እጥፍ ነው።

የልጁ ፋይል ኤች 265 ሆኖ፣ በዚያ ላይ 10 ቢት 4:2:2 ነበር፤ ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ይህን ይወዳሉ፤ ቀለሙ ያምራል። ብዙ ውድ ግራፊክስ ካርዶች ግን እንዲህ የታሸገ ቪዲዮ መፍታት አይችሉም፤ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ አብሯቸው ባለው ግራፊክስ ይፈቱታል። እንግዲህ ዋጋው ግማሽ የሆነ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ከውዱ ሊሻል ይችላል። ልጁ ይህን ሳያውቅ ነው ሊበደር የነበረው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። በእናንተ ዕድሜ የገባ ዕዳ ሥራ ያስጠላል።

እኛ ያደረግነው ፕሮክሲ መሥራት ነው። ከዋናው ፋይል ቀለል ያለ ቅጂ ታወጣላችሁ፤ በሱ ትቆርጣላችሁ፤ ኤክስፖርት ሲሆን ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ይመለሳል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይህንን ራሳቸው ይሠራሉ። ፕሮክሲውን ፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ በሚባሉት ፎርማቶች አውጡት። እነዚህ እንደ ድሮው ዲቪ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያስቀምጡ ናቸው። በፉል ኤችዲ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ የአንድ ሰዓት ፕሮሬስ ፕሮክሲ ወደ 17 ጊጋባይት ይሆናል። በሴኮንድ ያለው የፍሬም ቁጥርና የድምፅ ቻናሉ ከዋናው ጋር አንድ ይሁን፤ አለዚያ ስታገናኙት ጣጣ ያመጣል። ቀለም ስታስተካክሉና ፎከስ ስታዩ ግን ፕሮክሲውን አጥፉና ዋናውን እዩ። በፕሮክሲ ጥሩ የመሰለ ፎከስ በዋናው ብዥ ብሎ አግኝቼው አውቃለሁ።

ሁሉም መጎተት ግን የፎርማት አይደለም። ፕሮሰሰሩ እያረፈ ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ ችግሩ ዲስኩ ነው። በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ ቪዲዮ በሴኮንድ 12 ሜጋባይት ተኩል ይፈልጋል። በዩኤስቢ 2 የተሰካ ኤክስተርናል ዲስክ በሴኮንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ሦስት ካሜራ ስትደርቡ አለቀ። ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ካላችሁ የያዛችሁትን ሥራ እሱ ላይ አድርጉ፤ ያለቀውን ወደ ሀርድ ዲስክ አውርዱ። ከሜሞሪ ካርድ ላይ በቀጥታ ኤዲት የምታደርጉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። እሱ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሰርግ ነው ያለው እዚያ ውስጥ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ። እኛ ደሴ ላይ ብርዱ ያግዘናል። ፕሮሰሰር በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ደህና የነበረው ከሰዓት ከተጎተተ፣ መጀመሪያ ማራገቢያውን ከአቧራ አጽዱ። ላፕቶፕ ከቻርጀር ሲነቀልም ይዘገያል፤ መብራት ሄዶ በባትሪ ስትሠሩ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው። ከእንግዶች ስልክ የሰበሰባችኋቸው ክሊፖች ደግሞ የፍሬም ቁጥራቸው ስለሚዋዥቅ ድምፅና ምስል ይለያያሉ። ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም በሴኮንድ ቋሚ 25 ፍሬም አድርጋችሁ አስገቧቸው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጊዜ እንድትቆጥቡ ብቻ ብዬ አይደለም። ጊዜውስ በምሽት ሥራ ይካካሳል። ኮምፒውተር ሲጎተት ሰው ማየት ይተዋል። አንዴ ፈልጎ ሲቆምበት፣ ሁለቴ ሲቆምበት፣ ሦስተኛው ላይ ያገኘውን ለጥፎ ያልፋል። እኔም እንደዚያ ሠርቼ ያስረከብኳቸው ሰርጎች አሉ። ካሴቶቹን ቆይቼ ሳያቸው የተውኩት አባት፣ የተውኩት ጎረቤት አለ። አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

የልጁን አራት ሰዓት ቀረጻ ማታ ፕሮክሲ እንዲሠራ ትተነው ሄድን። ጠዋት ሲመጣ ያው የድሮ ላፕቶፕ ነው፤ ጣቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ አብሮት ይሄዳል። ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ሁለተኛው ካሜራ ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ይዟል። አያቷ ናቸው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲጋፋ እሳቸው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው ዱዓ ያደርጋሉ። ከዚያ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው በሩን ያያሉ። አምስት ሴኮንድ አይሞላም።

«ይሄንን አላየሁትም ነበር» አለኝ። ሦስት ጊዜ መልሶ አየውና ቆርጦ ከእልልታው በፊት አስገባው።