ሙቀጫ በውሰት፣ ስኳር በብድር

የእንግሊዝኛ ጥያቄያችሁን ላኩ ካልን ወዲህ ደብዳቤው ጠረጴዛዬን ሞልቶታል። ለማታውቁኝ፣ ደሴ ውስጥ 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጠመኔውን ለቅቄያለሁ፤ እርማቱ ግን እኔን አልለቀቀኝም። ካፌ ገብቼ ሜኑ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ስህተቱን ነው፤ ዋጋውን በኋላ። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ቡናህን ጠጣ» ትለኛለች። ወደ ደብዳቤዎቹ።

«መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ደብተሩ ላይ ‹ቦሮው ሚ ዩር ፔን› ብሎ ቢጽፍ መምህሩ በቀይ ሰረዘበት። ‹ሌንድ› ነው የሚባለው አለው። ሁለቱም ያው ብድር አይደሉም ወይ? ልጁ አኩርፏል።»
አንዲት እናት፣ ከወልድያ

ደህና ነኝ፣ ይመስገን። እርስዎስ? መምህሩ ልክ ነው። ግን ልጅዎን አይቆጡት፤ ይህን ስህተት ያስተማረው አማርኛ ነው።

በእኛ ቋንቋ ሰጪና ተቀባይ አንድ ቃል ይካፈላሉ። አበደረ፣ ተበደረ። አዋሰ፣ ተዋሰ። ፊቱ ላይ «አ» ከመጣ ሰጪ ነው፤ «ተ» ከመጣ ተቀባይ። ልጅዎ «ቦሮው» ሲባል «ብድር» ብሎ ያዘና ለሁለቱም ወገን አዋለው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሰዎች ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ይሰጣል። ከእጅ ሲወጣ ሌንድ ነው፤ ወደ እጅ ሲገባ ቦሮው። «ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ማለት እስክሪብቶህን አውሰኝ ነው። ልዋስህ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ «ሜይ አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ይበል።

እዚህ ላይ ግን አማርኛ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ለልጁም ይንገሩት፣ ኩርፊያው ይወጣለታል። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ሁለት ነገር ፈልጋ መጣች፤ ሙቀጫና አንድ ብርጭቆ ስኳር። ሙቀጫውን ተዋሰች። ስኳሩን ተበደረች። ለምን ሁለት ቃል? ሙቀጫው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። (ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሳምንት አለፈው።) ስኳሩ ግን በሻይ ተጠጥቷል፤ የሚመለሰው አምሳያው ነው። ጤፍም ብርም እንደዚያው። «ወንፊት ተበደርኩ» ያለ ሰው ጆሮ ይቆረቁራል። እንግሊዝኛ ይህን አይለይም። ሙቀጫውም፣ ስኳሩም፣ የባንክ ሚሊዮን ብርም ያው ቦሮው ነው።

ጭራሽ አቅጣጫውንም የሚረሱበት ቦታ አለ። «ሬንት» የሚለውን ቃል ይዩት። «አይ ሬንት ኤ ሀውስ» ያለ ሰው አከራይ ይሁን ተከራይ ቃሉ ብቻውን አይነግርዎትም። አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነው። አከራይ መሆኑን መለየት ሲፈልጉ «አውት» የምትል ጭራ ይቀጥሉበታል። እኛ ጋ አከራይና ተከራይ ተምታተው አያውቁም፤ በተለይ ወሩ ሲሞላ።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር። ኮምቦልቻ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቻለሁ። ታፔላ ጸሐፊው ‹ስቴሽነሪ› የሚለውን በኤ ጻፈው። አንድ ደንበኛ ፎቶ አንስቶ እየሳቀ ሄደ። ቀለሙ ብዙ ብር ፈጅቷል። ላስቀይረው ወይስ ልተወው?»
ባለ ሱቅ፣ ከኮምቦልቻ

ወአለይኩም ሰላም። አብሽር ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ደሴ ፒያሳ ላይ ቀና ብዬ ስሄድ ያንተ ታፔላ ወንድሞች ብዙ ናቸው።

ሁለቱ ቃላት ሲነበቡ አይለዩም። በኤ ሲጻፍ የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ ማለት ነው፤ መንገድ ዳር ለቆመ ሲኖትራክ ይሆናል። ወረቀትና እስክሪብቶ የሚሆነው በኢ ሲጻፍ ነው። ሱቅህም ስለማይንቀሳቀስ ታፔላው ውሸት አልተናገረም።

ቀልዴን ነው እንዳትል፤ ታሪኩ ይህንኑ ነው የሚለው። ሁለቱም ቃላት የወጡት ከአንድ የላቲን ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብዙው ችርቻሮ ነጋዴ ዕቃውን ተሸክሞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነበር። መጽሐፍ ሻጩ ግን፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው፣ ቋሚ ቦታ ነበረው። ስለዚህ «ባለ ቋሚው» ተባለ፤ ስቴሽነር። የባቲን የሰኞ ገበያ አስበው። ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ መጥቶ፣ ሲመሽ ወደ መጣበት የሚበተን አለ። ማክሰኞም እዚያው በሩን የሚከፍት ባለ ሱቅ አለ። ስቴሽነር ማለት ያ የማክሰኞው ሰው ነው።

እንዳይጠፋህ በዚህ ያዘው። ቤከር ያለበት ቤከሪ ነው፤ ስቴሽነር ያለበት ስቴሽነሪ። ሁለቱም በኢ። ግሮሰርና ግሮሰሪም እንዲሁ። ግሮሰሪን ካነሳን አይቀር፣ እሱ በእንግሊዝኛ ዘይት፣ ሩዝና ሳሙና የሚሸመትበት ሱቅ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ መጠጥ ቤት ሆነ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ እንደገባ ሰሞን ደውሎ «ከሥራ ስወጣ ግሮሰሪ ጎራ ብዬ ነው ቤት የምገባው» ቢላት፣ አክስቴ ጠበል አምጡልኝ ብላ ነበር።

አስቀይረው። አንዲት ፊደል ናት። ደግሞም ጸሐፊው በነፃ ያስተካክል፤ ስህተቱ የሱ ነው።

«ጋሼ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ሜኑ ልናሳትም ነው። ረቂቁን ልኬልዎታለሁ፤ ሳይታተም ይዩልኝ።»
አስተናጋጇ፣ ከሐይቅ

ልጄ፣ ተባረኪ። ሳይታተም የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

«ቺክን» ማለት ስትፈልጉ «ኪችን» ብላችኋል። ዶሮ ያዘዘ እንግዳ ወጥ ቤቱ ተጠብሶ ይቀርብለታል። «ሱፕ» የሚጠጣው ነው፣ «ሶፕ» የሚታጠቡበት፤ አሁን ባለው አጻጻፍ የአትክልት ሳሙና እየሸጣችሁ ነው። «ኩከር» ምድጃ ነው፤ የሚያበስለው ሰው «ኩክ» ነው። ድራይቨርና ቲቸር ስለለመድን ምግብ ሠሪውም ጭራ የሚጨመርለት ይመስለናል።

በጉ ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። «ሮስት ላምፕ» ይላል። የተጠበሰ መብራት። የጠቦት ሥጋ ለማለት መጨረሻው ፒ ሳይሆን ቢ ነው። ግን ቢዋ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ስለዚህ ቃሉ ሲጠራ «ላም» ነው። አዎ፣ ላም! እንግዳው «ላም» ካለሽ የፈለገው በግ ነው። የከብት ሥጋ የፈለገ «ቢፍ» ይልሻል። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እንግሊዝ አገር በግ ሲያድግ ላም ይሆናል ማለት ነው?» አለኝ። የዚያን ቀን ትምህርት እዚያው አበቃ።

«ደዘርት» ጣፋጩ ሁለት ኤስ አለው። ጣፋጭ ነገር ይደገማል፣ እንዲያ ብለሽ ያዢው። በአንድ ኤስ ሲጻፍ በረሃ ነው፤ ከባቲ ወደ አፋር ቁልቁል ሲወርዱ የሚያገኙት።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን «ፋስቲንግ ፉድ» የሚለው ነው፤ ሆሄው ምንም አልጎደለውም። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ለውጭ እንግዳ ግን ፋስቲንግ ማለት በደምሳሳው ምግብ አለመቅመስ ነው። ስለዚህ «ያለመብላት ምግብ» ይሆንበታል። የቸኮለው ደግሞ «ፋስት ፉድ» ብሎ አንብቦት በርገር ይጠብቃል። ወሎ ላደገ ሰው ነገሩ አይከብድም። ሙስሊሙ ጎረቤትሽ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ውሃም አይቀምስም። ክርስቲያኑ ሰዓቱን ጠብቆ ሲበላ፣ የሚበላው ሥጋና ወተት የሌለበት ነው። ሁለቱንም ጾም እንላቸዋለን። የእንግሊዝኛው ፋስቲንግ ወደ ረመዳኑ ይቀርባል። ስለዚህ «ቪገን» ብላችሁ ጻፉት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ዓሣም የለበትም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያው ሐይቅ ላይ ጨርሱት፤ እኔ አልገባበትም።

«አፌክትና ኤፌክት እስከ መቼ ነው የሚያሰቃዩን?»
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከመካነ ሰላም

እስከ ፈተናው ቀን። በረዶ ወርዶ ስንዴውን ጎዳው እንበል። «ጎዳው» የሚለው ድርጊት ነው፤ አፌክት፣ በኤ። ማሳው ላይ የቀረው ጉዳት ኤፌክት ነው፣ በኢ። አንዱ ግስ፣ አንዱ ስም። ኤፌክትም አልፎ አልፎ ግስ ሆኖ «ለውጥ አመጣ» ለማለት ይመጣል፤ ግን እሱን ለጊዜው እርሳው።

«መምህር፣ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ‹ሂስቶሪክ› ልበል ‹ሂስቶሪካል›? አንድ እንግዳ አረመኝ።»
አስጎብኚ፣ ከላሊበላ

ሂስቶሪክ በታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ማለት ነው። ሂስቶሪካል ስለ ታሪክ የሆነ፣ ያለፈውን የሚመለከት። እዚህ ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ሂስቶሪክ ነው። ስለ አዳራሹ የሚጻፍ ጥናት ሂስቶሪካል ነው። ኢኮኖሚክና ኢኮኖሚካልም እንዲህ ይለያያሉ፤ የኑሮ ውድነት ኢኮኖሚክ ጉዳይ ነው፣ ቤንዚን የማይበላ ባጃጅ ኢኮኖሚካል ነው።

አንተ ጋ ያሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ሂስቶሪክ ለማለት ማንም አይከለክልህም። እኔ የማርምህ ሌላ ነው። በደብዳቤህ መሃል «ቢልት» ብለሃል። ቢልት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ለተካበ ግንብ ነው። የላሊበላዎቹ ግን ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ «ካርቭድ» በል። የእንግዳህ አፍ የሚከፈተው እኮ በዚህች ልዩነት ነው። ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ «አልቲቲዩድ» ነው። «አቲቲዩድ» አመለካከት ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ አመለካከት አለው አትበል።

«‹መስት ኖት› እና ‹ዶንት ሃቭ ቱ› አንድ አይደሉም? መጽሐፉ ይለያቸዋል፤ ወደ አማርኛ ስመልሳቸው ግን ሁለቱም ‹የለብህም› ይሆኑብኛል።»
መንገደኛው፣ ከውጫሌ

ይህ ጥያቄ ከሌላ ቦታ ቢመጣ እንዲህ ባላስደሰተኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው እናንተ ጋ አጤ ምኒልክና የኢጣሊያው አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል፣ 17ኛው አንቀጽ ላይ የተበላሸው በዚሁ ዓይነት ቃል ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። በእንግሊዝኛ ብንለው፣ ሜይ። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎት አረፈ። መስት። ነገሩ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ።

ያንተን ችግር ግን በጣሊያን ማሳበብ አንችልም፤ የራሳችን ነው። «ነገ መምጣት የለብህም» ብልህ ምን አልኩህ? እንዳትመጣ፣ ክልክል ነው? ወይስ ባትመጣም ግድ የለም? አማርኛ ይህንን የሚለየው በፊትና በድምፅ ነው። ትከሻህን ቸብ አድርጌ ካልኩህ ማረፊያ ሰጠሁህ። ጣቴን ቀስሬ ካልኩህ ከለከልኩህ። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን ፊትም ድምፅም የለም። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው። መስት ኖት ክልከላ ነው። ዶንት ሃቭ ቱ፣ ግዴታ የለብህም፣ እንደ ፈቀድህ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት ከሰዋስው መጽሐፍ አይደለም። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ አንዲት የውጭ አገር መምህርት አብራን ታስተምር ነበር። ብርዱ አልተስማማትም መሰለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታስል ሰነበተች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ነበር፤ ረጅም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ። አሳዘነችኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ዩ መስት ኖት ካም ቱ ዘ ሚቲንግ» ብዬ ጻፍኩና ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። መምጣት የለብሽም፣ እቤትሽ ዕረፊ ማለቴ ነበር።

ዓርብ አልመጣችም። ሰኞ ሰላም አላለችኝም። ማክሰኞ ቡና ልጋብዝሽ ስላት ቆም ብላ አየችኝና «ስለ እኔ ምን ልታወሩ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቴን ከቦርሳዋ አወጣች። «መስት ኖት» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። በቀይ።