ጋሼ፣ ቁጥርዎን ይንገሩኝ

ጥይት በእጁ መሙላት የጀመረ አንድ ወጣት ሰሞኑን ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ በ.308 ጠመንጃዎ አረሩን ስንት ላይ ነው የሚያስቀምጡት? ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ፣ ሌላው አይጠፋኝም» ይላል። .308 የጥይት ዓይነት ነው፤ የሚጠይቀኝም አረሩ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደው ክፍል፣ ባሩድ በሚይዘው ቀለህ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቀመጥ ነው። ሌላው ላይጠፋው ይችላል። ችግሩ ያለው ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ይኸው ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት በሁለት ጓደኛሞች መካከል ተጠይቆ ነበር፣ መልስም አግኝቶ ነበር። ያስከተለው ጣጣ ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ይቆጨኛል።

ሁለቱ ጠመንጃቸው ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ሞዴሉም አንድ ነበር። አንደኛው ቀጭን ሹል አፍንጫ ያለው የውድድር አረር ይጠቀማል። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት፣ ከቀለሁ ቂጥ እስከ አረሩ ጫፍ፣ 72.5 ሚሊሜትር ነው። ለ.308 ዊንቸስተር የተለመደው የርዝመት ጣሪያ 71.37 ሚሊሜትር (2.810 ኢንች) ቢሆንም ካዝናው ስለቻለለት አስረዘመው። ጠመንጃውም ወደደለት፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ይደራረቡ ነበር። ጓደኛው ይህን አይቶ «ስንት ላይ ነው?» አለው። ያም በቅንነት «72.5» አለው።

ሁለተኛው አረሩ ከበድ ያለ፣ አፍንጫው ክብና ደንደን ያለ ነበር። ካሊፐሩን (የርዝመት መለኪያውን) ይዞ፣ አረሩን ወደ ቀለሁ ገፍቶ የሚያስቀምጠውን ዳይ አስተካክሎ፣ ሁሉንም ጥይት 72.5 ላይ አወጣ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ርዝመታቸው ከአንዱ አንዱ አይለይም። ተኩስ ቦታ ሄዶ የመጀመሪያውን ሲያጎርስ ቦልቱ (የጠመንጃው መዝጊያ) መጨረሻው ላይ አስቸገረው፣ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ሳይተኩስ «ተኩስ አቁሙ፣ አራግፉ» ተባለ። ቦልቱን ሲስበው ቀለሁ ብቻውን ወጣ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። የባሩዱ ፍሬ ግሪስ በተቀባው የቦልት መቆለፊያ ላይ ተለጥፎ፣ መጉረሻው (ጥይቱ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ) ውስጥ ገብቶ፣ የቀረው ካዝናው ላይ ተበትኗል።

አጠገቡ የነበረ አንድ ሰው «ሌላ ጥይት አጉርሰህ አስወጣው» ብሎ መከረው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አልሰማውም። በርሜሉ በአረር ተዘግቶ ከኋላው ሌላ ጥይት ቢተኮስ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ቦልቱ ወጣ፣ ባሩዱ ተራገፈ፣ መጉረሻው ባዶ መሆኑ በብርሃን ታየ፤ ከዚያ ከአፈሙዙ በኩል የናስ ዘንግ ገብቶ ቀስ በቀስ ሲመታ አረሩ ወደ ኋላ ተንከባለለ። አሁንም ይታየኛል፤ መዳብ ልባሱ ላይ ዙሪያውን አራት ትናንሽ ጭረቶች፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጡ፣ ጫፋቸው በጥርስ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ። የበርሜሉ ጥርስ፣ ማለትም በውስጡ ተጠምዝዘው የሚሄዱት ጉብታዎች፣ ፊርማ ነበር።

ከዚያ የሁለቱም ሰዎች ጥይት በትክክል ተለካ። የበርሜሉን ጥርስ የሚነካው የአረሩ ጫፍ አይደለም። የሚነካው ጎን ላይ ያለው ኩርባ ነው፤ አፍንጫው እየሰፋ መጥቶ ከበርሜሉ የውስጥ ስፋት ጋር እኩል የሚሆንበት መስመር። ኦጃይቭ የሚባለው ይህ ኩርባ ነው። የመጀመሪያው ሰው ጥይት ከቂጥ እስከ ኦጃይቭ 56.0 ሚሊሜትር ሲሆን በርሜሉ ጥርስ የሚነካው 56.5 ላይ ነው፤ ስለዚህ አረሩ ግማሽ ሚሊሜትር ዘሎ ነው ጥርስ የሚያገኘው። የሁለተኛው ጥይት በዚያው ጠቅላላ ርዝመት 58.0 ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ደግሞ 56.7 ላይ ነው። 1.3 ሚሊሜትር ጥርስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የሁለቱም 72.5 እውነት ነበር፤ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ካዝናው እንጂ ስለ በርሜሉ አልነበረም።

ተተኩሶ ቢሆንስ? አረሩ ከመነሻው ጥርስ ውስጥ ተጨንቆ ሲቆም ከመንደርደሩ በፊት መቀረጽ አለበት፤ ባሩዱ እየነደደ ስለሆነ ግፊቱ ቀድሞ ከፍ ይላል። ባሩዱ ጣሪያው አጠገብ ከሆነ ይህ ጭማሪ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ወደ ጥርሱ ስትጠጉም፣ አረር ስትቀይሩም፣ ባሩዱን ከጥይት መሙያ መመሪያው ከፍተኛ መጠን 10 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። በተቃራኒው ጠልቆ መቀመጡም የቀለሁን ቦታ ያጠባል። በሰፊ የጠመንጃ ቀለህ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚመጣ ለውጥ ነው፤ በትንንሽ የሽጉጥ ቀለሆች ግን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አደጋ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቁጥሩ ከእኔ ሳይሆን ከራስህ በርሜል ነው የሚገኘው። በዚያው ጠመንጃ የተተኮሰ አንድ ቀለህ ውሰድ። አንገቱን በቀጭን መጋዝ በርዝመቱ ሰንጥቀው፣ ፍንጣሪውን አጽዳ። ባሩድም ያልተተኮሰ ፕራይመርም (የባሩድ ማቀጣጠያ) አይኑረው። የምትጠቀምበትን አረር በጣትህ አስገባበት፣ ረዘም አድርገህ ተወው፣ መጉረሻው ውስጥ ከተህ ቦልቱን ቀስ ብለህ ዝጋ። ጥርሱ አረሩን ወደ ቀለሁ ይገፋዋል። ስታወጣው አረሩ እንዳይሳብ ተጠንቀቅ፤ አንገቱ ከላላ ይሳባል፣ ልኬቱም ያለ ልክ ይረዝማል። ከጠበቀም ጥርሱ አረሩን ነክሶ ይይዘዋል። አምስት ጊዜ ደጋግመህ ለካ። ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩብህ እጅህ ነው ወይም ጉሮሮው (ከመጉረሻው ቀጥሎ ጥርሱ እስኪጀምር ያለው ቦታ) ቆሽሿል። የካርቦን ቅሪት ካለ አስቀድመህ አጽዳው።

የቦልቱን መምቻና ማስፈንጠሪያ ፈትተው፣ አረሩን በትንሽ በትንሹ እያጠለቁ የቦልቱ እጀታ በራሱ ክብደት የሚወርድበትን ነጥብ የሚፈልጉም አሉ። ከሁሉ የበለጠ ስሱ ዘዴ ይህ ይመስለኛል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ የዛሬ ልጅ ደግሞ ትዕግሥቱን በዲጂታል ካሊፐር ተክቶታል። የካሊፐሩን መንጋጋ ሳይጠርግ እስከ መቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ ስንት አለ!

ልኬቱ በኮምፓራተር ይሁን። ካሊፐሩ ላይ የሚታሰረው ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ኦጃይቩን ይይዛል። የአረር ጫፍ፣ በተለይ ክፍት አፍንጫ ያላቸው የውድድር አረሮች፣ ከአንድ ፓኬት እንኳ በ0.2 እና በ0.4 ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ በጫፍ የሚለካ ሰው ይህን ልዩነት የዳዩ ጥፋት ይመስለዋል። የኮምፓራተር ቀዳዳም ከአንዱ አንዱ ስለሚለይ የአንተ 56.0 የሌላው 55.9 ሊሆን ይችላል። ቁጥር መዋዋስ የማይሆነው በዚህም ነው።

የመቀመጫ ዳዩን ስታስር ባዶ ቀለህ ፕሬሱ (ቀለሁን ወደ ዳዩ የሚገፋው መሣሪያ) ላይ አድርገህ ቀለሁን የተሸከመውን ክንድ እስከ ላይ አንሳ። ዳዩ የቀለሁን አፍ እስኪነካ ድረስ አውርደው፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ፍታው። በተለመደው 14 ጥርስ በኢንች ባለው ዳይ አንድ ዙር 1.8 ሚሊሜትር ነው፤ ውስጥ ያለው መጨምደጃ አንገቱን እንዳይነካ ይበቃል። ቀጥሎ የመግፊያው ጽዋ አረሩን ጎኑ ላይ መያዙን እይ። ጫፉን እየገፋ ከሆነ አረሩ ላይ ክብ ጠባሳ ይታያል፣ ጥልቀቱም ከጫፉ ጋር ይለዋወጣል። ለዚያ አረር የሚሆን መግፊያ ፈልግ። የቀለሁን አፍ ውስጡን ትንሽ አለስልሰው፤ ካልሆነ ልባሱን ይልጠዋል። አንገቱ ከአረሩ 0.05 ሚሊሜትር ያህል መጥበቡ ለካዝና ጠመንጃ በቂ መያዣ ነው። ባሩዱ እስኪጨቆን ከተሞላ አረሩ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይነሳል፤ ስለዚህ ወዲያው ለክተህ አትደሰት፣ ቆይተህ ድገመው።

ከየት ትጀምር? ለአደን ከጥርሱ 0.5 ሚሊሜትር የራቀ ጥሩ መነሻ ነው። ሙሉ መዳብ የሆኑት አረሮች ብዙ ጊዜ ራቅ ማለት ይወዳሉ፤ 1.27 ሚሊሜትር (0.050 ኢንች) ላይ ጀምር። ሾጠጥ ያሉት ረጃጅም የውድድር አረሮች አመላቸው ከባድ ነው፤ ኩርባቸው ከአካላቸው ጋር የሚገናኘው በማዕዘን ስለሆነ ጥልቀት ሲቀየር ወዲያው ይቆጣሉ። ለእነሱ በ0.1 እየተንፏቀቅህ ባሩድ አትጨርስ፤ 0.25፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3 ሚሊሜትር ርቀህ ሞክርና የተሻለው አጠገብ ብቻ በትንሹ ቀይር። በየርቀቱ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ተኩስ። ሦስት ጥይት ተኩሶ ፎቶ አንስቶ «አገኘሁት» ማለት አሁን ልማድ ሆኗል፤ ሦስት ቀዳዳ በዕድልም ይጠጋጋል።

ጥርሱን ስለማግኘት ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሚቃረን ነገር ልናገር፦ ለጥርሱ መቅረብ በራሱ ጸጋ አይደለም። የስዊድን 6.5×55 ሞውዘር ጉሮሮው የተቆረጠው በ1894 ለነበረው 10.1 ግራም ለሚመዝን ረጅምና ክብ አፍንጫ አረር ነው። አጭር ዘመናዊ አረር ሲጎርስ ብዙ ሚሊሜትር ዘሎ ነው ጥርስ የሚያገኘው፣ ጥርሱን ለመንካት ቢረዝም ከአንገቱ ይወጣል። እነዚያ ጠመንጃዎች ግን በዚያ ዝላይ ዛሬም ድረስ ያስመሰግናሉ። የዌዘርቢ ጠመንጃዎችም ሆን ተብሎ ረጅም ጉሮሮ ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ጥርሱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፣ መጠጋት ግን ግዴታ አይደለም። አደን ለሚወጣማ ጥርስ የሚነካ ጥይት ይዞ መሄድ ጭራሽ አይገባም፤ ሲያራግፍ ያ ሰውዬ የደረሰበት ይደርስበታል፣ እሱ ግን በጫካ መሃል ዘንግ አይኖረውም።

ጉሮሮው ደግሞ በእሳት እየተበላ ወደ ፊት ይሸሻል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልኬት ከአረሩ ዓይነትና ከፓኬቱ መለያ ጋር በደብተር ጻፈው። በየጥቂት መቶ ጥይቱ፣ እንዲሁም አዲስ ፓኬት በከፈትክ ቁጥር፣ መልሰህ ለካ። ጥርሱ 0.1 ሸሽቶ ቀዳዳዎቹ ካልተበተኑ አትንካው። ከተበተኑ ግማሹን ጥይት በድሮው ርዝመት፣ ግማሹን 0.1 አርዝመህ በአንድ ቀን ተኩስና አወዳድር። ስታስረዝም ካዝናው መቻሉን አስቀድመህ እይ። ያንን የተሰነጠቀ ቀለህ ደግሞ ቀይ ቀለም ቀብተህ ከሞላሃቸው ጥይቶች ለይተህ አስቀምጠው፤ ለሚቀጥለው ልኬት ያው እሱ ነው የሚያስፈልግህ።